ከሰሊጥ መጋዘኑ የወጣው ጠረጴዛ

ጠረጴዛውን ከሰሊጥ መጋዘናችን ጎትቼ ያወጣሁት እናቴ አፏን ሞልታ «ካደስሽው ውሰጂው፤ ያንቺ ነው» ስላለችኝ ነው። አባቴ ከሞቱ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። መሬቱን ወንድሞቼ ተካፍለውታል፤ ቤቱ የእናቴ ነው። እኔ ከአባቴ ቤት የፈለግኩት ይህን ብቻ ነው።

አባቴ በደህናው ጊዜ ከወሰን ማዶ፣ ከአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ገዝተው በትራክተር ተሳቢ ያመጡት ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ የምግብ ጠረጴዛ ነው። እስኪሞቱ ድረስ «ተረቤዛ» ይሉት ነበር። እሳቸው፣ ወንዶች ልጆቻቸውና እንግዳ ይበሉበታል፤ እናቴና እኔ የተረፈውን ጓዳ ወስደን እንቀምሳለን። ከምሳ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ደብተሩን ይዘረጋበታል። እኔን ትምህርት ቤት አላስገቡኝም። «ሴት ልጅ መንገድ ለመንገድ ምን ትሠራለች?» አሉ፤ በዚያው አለቀ። የእኔ ድርሻ መወልወል ነበር።

የቆላ ሙቀት የእንጨት ቀለም ያላላል። ወንድሜ አርፍዶ የተቀጣ ዕለት «ሁለተኛ አላረፍድም» ብሎ መቶ ጊዜ እንዲጽፍ ታዘዘ። በንዴት እስክሪብቶውን ሲጫነው ጽሑፉ ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ታተመ። ስወለውል አቧራው ስርጉዱ ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ነጥቶ ይወጣል። ምን እንደሚል ብጠይቀው እየሳቀ አነበበልኝ። ከዚያ ወዲህ በጣቴ እየተከተልኩ «ሁ» የትኛዋ፣ «ላ» የትኛዋ እንደሆነች ለየሁ። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከባሌ ተፋትቼ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ የማታ ትምህርት ስመዘገብ መምህሩ «ማን ፊደል አስቆጠረሽ?» ቢለኝ መልሱን ለመናገር አፈርኩ።

እድሳቱ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። በእኛ አገር ምስጥ እንዳይበላው የእንጨት እግር በተቃጠለ የትራክተር ዘይት ይቀባል፤ አባቴም በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ሳይቀቡት ቀርተው አያውቁም። ከምስጡስ ተርፏል፤ ግን ዘይት የጠጣ እንጨት ቫርኒሽ አይቀበልም። እግሮቹን በቤንዚን አጠብኩ፣ አመድ ነሰነስኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ እንደገና አጠብኩ። ጥቁረቱ ቀነሰ እንጂ አልለቀቀም። ላዩን ግን ቀዩ እንጨት ወለል ብሎ እስኪታይ ፋቅሁት፤ ከአንድ ጥግ በቀር። ጽሑፉ ያለበትን፣ ስንዝር ከአራት ጣት የምትሆነውን፣ በጨርቅ ብቻ አሸኋት። ቫርኒሹን የምቀባው ማለዳ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ነበር፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ የተቀባ ቫርኒሽ አረፋ ያወጣል።

«ከተማርሽ ወዲህ ደግሞ አናጢ ሆንሽልኝ?» ትለኛለች እናቴ በረንዳውን ስታልፍ። «እጅሽን እስቲ እዪው፤ የጋራዥ ሰው መስሏል!»

«ይታጠባል፣ እማ።»

የመጨረሻውን ቫርኒሽ በቀባሁ ማግስት ወንድሜ ሰሊጡን ሊያስጭን ከጎንደር በአይሱዙ መጣ። ጠረጴዛውን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይቺ የአባባ ተረቤዛ ናት? ወይ ጉድ! እማ፣ ይቺማ እዚህ ምን ታደርጋለች? የኔ ሳሎን ባዶውን ነው።»

እናቴን አየኋት። ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች።

«ውሰዳት፣ የኔ ጌታ። የአባትህ ናት።»

«ለእኔ ብለሽኝ አልነበር፣ እማ?»

«ብዬ ነበር። አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ ልጄ፤ ማንን ልታበዪበት ነው? እሱ ባለትዳር ነው፤ እንግዳ ይመጣበታል።»

ወንድሜ ጠረጴዛውን ሲዞር ጥጓ ጋ ደረሰ። «እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ። ይቺን ግን ምነው ተውሻት? ቆሽሻለች እኮ።»

«ያንተ ጽሑፍ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «የኔ? እኔ እንጃ። ግድ የለም፣ ጎንደር አናጢ መች ጠፋ፤ በመላጊያ አንዴ ነው።»

እናቴ «በይ ያዥለት» አለችኝ። በአንደኛው ጫፍ ያዝኩ፤ አወጣነው። ወንድሜ መንገድ ላይ እንዳይጫር ብሎ ባዶ የሰሊጥ ጆንያ አለበሰው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሙሉ ጆንያ አስደረደረበት። ቫርኒሹ በጣት ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልግ ነበር። በዚያ ሙቀትና በዚያ ክብደት፣ ጎንደር እስኪደርስ የጆንያው ቃጫ ተጣብቆበት እንደሚቀር አውቄዋለሁ።

«ሌላ የምንጠነቀቅለት ነገር አለ?» አለኝ ወንድሜ ከመኪናው ላይ ሆኖ።

«የለም» አልኩት። የግቢውንም በር የከፈትኩላቸው እኔው ነኝ።