አንታናናሪቮን ለአባቴ ስነግረው

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የሄደበት የውጭ አገር የለም፤ የማያውቀው ዋና ከተማም የለም። የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ነኝና ለስብሰባ ወደ ማዳጋስካር ስላክ ከእኔ ይልቅ የተደሰተው እሱ ነው። ካዛንቺስ ባለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ፣ «አንታናናሪቮን በደንብ አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ።

አየሁለት። የደሴት ከተማ ሲባል ባሕር የሚታይ መስሎኝ ነበር። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ከተማው እንደኛው ደጋ ላይ ነው። ቤቶቹ ኮረብታው ላይ ተደራርበዋል፤ ወደ ላይ በድንጋይ ደረጃ ይወጣል፤ ከታች የሩዝ ማሳ አለ። ጫፉ ላይ አንዴ በእሳት የጋየው የነገሥታቱ ግቢ ይታያል። አስጎብኚያችን እንደነገረችን፣ ድሮ አንድ ንጉሥ ኮረብታውን ከቀደሙት ነዋሪዎች ነጥቆ ሺህ ወታደር አሰፈረበት። የከተማው ስም «የሺዎቹ ከተማ» ማለት ነው።

በምሳ ሰዓት እደውልለት ነበር። ስለ ቤት ስጠይቀው ሁሉም ደህና ነው ይለኛል።

ስመለስ ወንድሜ ከአየር ማረፊያ ተቀብሎኝ መኪናውን ወደ ካዛንቺስ ሳይሆን ወደ ጎተራ ነዳው። ሰፈራችን እንደሚፈርስ የተነገራቸው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብሎ እንዳይነግሩኝ የከለከለው አባቴ ነበር። በምትክ በተሰጠን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ካልተፈቱ ካርቶኖች መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። ለምን እንደደበቀኝ ጠየቅሁት።

«ብትመጪ ምን ልታደርጊ ነበር?» አለኝ።

ወዲያው ስለ አንታናናሪቮ እንድነግረው ጠየቀኝ። ፎቶዎቹን እያሳየሁት ስለ ንጉሡና ስለ ወታደሮቹ ስደርስ አስቆመኝ።

«በፊት የነበሩትስ ሰዎች የት ሄዱ?»

አስጎብኚዋ አልነገረችንም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

«እኔም አላስተማርኩም» አለ። «ዋና ከተማ፣ አንታናናሪቮ፤ በቃ። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ እኔ አርማለሁ።»

የካዛንቺስ ጎረቤታችን፣ የወሎው ጨርቅ ነጋዴ፣ ከከተማው ዳር ቤት ደርሷቸዋል። ድሮ ከሰዓት ከሰዓት ከአባቴ ጋር በራፋችን ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። አሁን ይደዋወላሉ፤ የሁለቱም ጆሮ ደክሟልና ሰላምታውን ደጋግመው፣ ሌላ ሳያወሩ ይዘጋሉ።

አንድ ቀን ካዛንቺስን ላሳየው መኪና ይዤ መጣሁ። ጫማውን አደረገ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ምኑን ነው የማየው?» አለኝ።

ብቻዬን ሄድኩ። አዲሱ አስፋልት ሰፊ ነው፤ ያምራልም። ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ግን መለየት አቃተኝ።