ለጠጅ ቤት የለፈፍኩት አዋጅ

ሥራዬ ልፈፋ ነበር። የማንም ቅጥር አልነበርኩም፤ ዛሬ ለአንዱ ጠጅ ቤት፣ በሚቀጥለው ገበያ ለሌላው ምግብ ቤት እጮህ ነበር። ወረታ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ስለሆነች የጎንደሩም የደብረ ታቦሩም ጭነት መኪና እዚያ መቆሙ አይቀርም። ሾፌሮቹን መያዝ ቀላል ነው፤ ራቡ ራሱ ይጎትታቸዋል። ከባዱ ገበሬው ነው። የፎገራ ገበሬ በሬውን ሽጦ፣ ጨውና በርበሬውን ቋጥሮ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወደ ቤቱ የሚል ሰው ነው። እሱን ከመንገዱ መልሶ አግዳሚ ላይ ማስቀመጥ አፍ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ያለኝ አፍ ብቻ ነው። እርሻውም አልሆነልኝ፣ የቄስ ትምህርቱም አልዘለቀኝ። አባቴ "ይኼ ልጅ ጉሮሮው ብቻ ነው ያደገ" ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጠጅ ቤት ልትከፍት ተነሣች። በዕድሜ ትንሽ ከፍ ስለምትለኝ እታለም እላት ነበር። ባሏ የተወላትን ላሞች ሸጣ ማር ገዛች፤ ጠጅ በየጋኑ ጣለች፤ ከጎንደር አዝማሪ አስመጣች። ከቤቷ ሌላ ጥሪት አልነበራትም። ይህ ካልሆነላት የሚጠብቃት የወንድሟ ቤት ነው፤ የወንድሟን ሚስት የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ "ለጠላቴም አይስጠው" ይላል።

"ወንድማለም፣" አለችኝ፣ "እኔ ሰው መጥራት አልችልበትም። አንተ ቤቴን ሙላልኝ፤ ሌላውን እኔ አውቃለሁ።"

"መቀመጫ እስኪጠፋ ነው የምሞላልሽ!" አልኳት። ጉረኛ ነበርኩ።

የገበያው ዕለት ከጧት ጀምሬ ጮህኩ። የከብት ተራው ጫጫታ ዋጠኝ፤ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየኝም። ንድድ አለኝ። እንዲያው ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የመንግሥት አዋጅ የሚነገርበት ጉብታ ላይ ወጣሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ "አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" አልኩ። ጠጁንና አዝማሪውን ከዚያ ላስከትል ነበር ሐሳቤ። ጨዋታ መስሎኝ ነው።

ገበያው ጸጥ አለ። ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኙ! በዚያ ሰሞን ግብር ሊጨመር መሬት ሊለካ ነው፣ ቀላድ ጣዮች እየመጡ ነው የሚል ወሬ ነበር። አዋጅን ደግሞ ቆመህ ከሰማህ ታሰርክበት፤ ካልሰማህ ግን "እኔ አልነበርኩም" የምትልበት አፍ አለህ። ስለዚህ "ጠጅ" የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ ገበሬው ጆሮውን በጋቢው ሸፍኖ፣ በሬውን እየነዳ፣ ሜዳ ለሜዳ ተበተነ።

"ኧረ የጠጅ ቤት ነው! ኧረ ጠጅ ነው!" እያልኩ ብሮጥ ማን ይስማኝ! ሸክላ ሠሪዋ እንኳ ማሰሮዎቿን ጥላ ሄደች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኼ ነው። የገበያው ዘበኛ ይዞ ገረፈኝ። ግርፊያውስ ይሁን፣ የእጄን ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠጅ ቤቱ ስደርስ አዝማሪው ለባዶ አግዳሚ ማሲንቆውን ይቃኛል። ሁለት ሾፌሮች መጡ፣ ጠጡና ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያም ገበሬው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ባለውም ቀረ። ጠጁ ሆመጠጠ። አዝማሪው በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ጎንደር ተመለሰ። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። ምነው በሰደበችኝ! እኔ በዚያ በር ማለፍ አቅቶኝ በጓሮ እዞር ነበር።

ገበያው ቀስ በቀስ ሲመለስ አስጠራችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ተው፣ ተነሥ። ሥራ አለህ። ቤቱን ከነጋኑ ልሸጠው ነው፤ ልፈፍልኝ።"

"እታለም፣ በእኔ አፍ?"

"ታዲያ በማን? ሌላ ለፋፊ የት አውቃለሁ?"

ለፈፍኩ። ጉብታው ላይ አልወጣሁም፤ ከከብት ተራው ዳር ቆሜ "የሚሸጥ ቤት፣ መንገድ ዳር" አልኩ። ሰው ከበበኝ። የማን ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ ለምን ትሸጠዋለች ይሉኛል። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ገዢ ተገኘ። እሷ የልብሷን ቋጠሮ አንጠልጥላ በወንድሟ ቤት መንገድ ስትሄድ አየኋት። በዕድሜዬ ከለፈፍኩት ሁሉ እንደዚያ ቀን የቀናኝ የለም።