በሻይ ባልዲ የወጣ አይብ

የያዙኝ ጭሮ ገበያ ውስጥ ነው። ዘንቢሌን እንኳ ለጎረቤት ላቀብል ብል አልፈቀዱም። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ እግሩን ዘርግቷል። በሩ ሥር የነበረ አንድ የገለምሶ ሹፌር እግሩን ሰብሰብ አደረገና፣ "ይግቡ አባባ፣ ቤት ለእንግዳ" አለኝ።

ጥጉ ላይ አንድ የቦኬ ሰው፣ ሐጂ የምንላቸው፣ ተኝተው ነበር። ሆዳቸው ታሞ እንጀራ አልወርድ ብሏቸዋል። በየቀኑ ሲመነምኑ እናያለን። ለጠባቂዎቹ ስንናገር፣ "ይታያል" ይሉናል። እሳቸው ግን ማማረር አያውቁም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሚስታቸው በፕላስቲክ ዕቃ አሬራ ላኩላቸው። ሐጂ ፉት አሉና ዕቃውን አስቀመጡት።

"ያቃጥለኛል" አሉ። "አይብ ቢሆን ይወርድልኝ ነበር።"

"እኔ አወጣልዎታለሁ" አልኩ።

ሹፌሩ ሳቀ። "አቦ አባባ፣ ይሄ የሴት ሥራ አይደል እንዴ?"

"እናቴ ሴት ልጅ አልወለደችም። ወተቱ ለኔ ደረሰኝ።"

እሳት ጠየቅን፤ ከለከሉን። አይብ ደግሞ ያለ ሙቀት አይሆንም፤ ፍላትም አይወድ። ከፈላ እንደ ጎማ ይደርቃል። ከቀዘቀዘ ከአጓቱ አይለይም። የሚፈልገው ጣት ሲነክሩበት የሚያንገበግብ፣ ግን የማይልጥ ሙቀት ነው፤ እሱም ሳይወጣ ሳይወርድ እንዲቆይለት። እኛ ጋ ትኩስ ሆኖ የሚገባ ነገር ደግሞ የጠዋት ሻይ ብቻ ነው። በባልዲ ነው የሚመጣው።

"የዛሬውን ሻያችሁን ስጡኝ" አልኩ።

ሁሉም ኩባያቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ያቺ ሻይ እዚያ ምን እንደሆነች የታሰረ ያውቃታል። ቀድሞ የቀዳውን ወደ ባልዲው የመለሰው ሹፌሩ ነው። "እኔስ ስኳር የለውም ብዬ ከተቀየምኩት ቆየሁ" አለ። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ መለሱ።

የአሬራውን ዕቃ ከድኜ ሻዩ ውስጥ አስቀመጥኩት። ባልዲውን በጋቢዬ ጠቀለልኩት። "እንዳትከፍቱት፣ እንዳትነቀንቁት" ብዬ ሳልጨርስ ተጠራሁ።

የጠራኝ መርማሪ በዕድሜ ከልጄ ያንሳል። "አንተ ሽማግሌ፣ ቤትህ ማን ማን ነው የሚመጣው? ስም ስጠኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ" አለኝ።

ቤቴ መግባት አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው። ግቢዬ ያለችው ላም ሳትቀር ትዝ አለችኝ። ግን "እንግዳ ነው የሚመጣው። የእንግዳ ስም አይሸጥም" አልኩት።

ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ ቆየ። "በሩን በሩን ታያለህ። ምን ያስቸኩልሃል?"

"አይብ ጥጄ ነው የመጣሁት።"

ያሾፍኩበት መስሎት አፍጥጦ አየኝ። አላሾፍኩም። "ውሰዱት" አለ።

ስመለስ ሹፌሩ ጃኬቱን አውልቆ በጋቢዬ ላይ ደርቦበታል። ባልዲውን እንደ ሕፃን አቅፎታል።

"ከፈትከው?"

"ወላሂ! እንኳን ልከፍተው፣ አልተነፈስኩም።"

ክዳኑን አነሳሁ። ነጩ ተሰብስቧል፣ አጓቱ ጠርቷል። ሐጂ የታጠበ ሻሻቸውን ሰጡኝና በእሱ አጠለልኩት። ልስልስ ያለ ነው፤ እናቴ ብታየው አትነቅፈውም። ሐጂ ትንሽ ቀመሱ። ጠበቅን። ወረደላቸው። ደገሙ።

"ገለቶማ" ብለው በኦሮምኛ አመስግነው መረቁኝና ወደ አፌ ጉርሻ ዘረጉ።

"ዛሬ ዓርብ ነው ሐጂ፤ እጾማለሁ።"

"ታዲያ ሳይቀምሱት ነው የሠሩት?"

"እጄ ቀምሶታል" አልኩ።

ሐጂ መብላታቸውን አቆሙ። የቀረውን በሻሹ ቋጠሩና ሹፌሩን የመስኮቱ ብረት ላይ እንዲያንጠለጥለው አዘዙት። "የአባባ ነው፣ የነገ" አሉ። ያ ክፍል የተራበ ሰው የሞላበት ነው። ያን ቀን ሻዩንም ያልጠጣ ሰው ነው። ቋጠሮው ከራሳችን በላይ አጓቱን ጠብ ጠብ ሲያደርግ ዋለ፣ አደረም። አንድም እጅ አልነካው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም እያዩኝ በላሁ። ከዚያ ለየሰዉ በጣቴ ቆንጠር እያደረግሁ አቀመስኩ።

አሁን ቤቴ ነኝ፤ ላም አለኝ፣ ከሰልም አላጣሁ። ግን አሬራውን ለብ ካደረግሁት በኋላ ከእሳት አውጥቼ በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። ሚስቴ "እሳት እያለ ምን አስቸገረህ?" ትላለች። ሰው ደግሞ "እዚያ ምን አደረጉህ?" ይለኛል። እኔ የምነግራቸው እኛ ያደረግነውን ነው። ሐጂ ከተፈቱ ወዲህ ቦኬ ናቸው፤ ድነዋል። የጭሮ መንገድ ሲገጥማቸው ብቅ ይላሉ። ዓርብ ከሆነ አይቡን ለብቻቸው ይበላሉ፤ ድርሻዬን ግን ራሳቸው ቋጥረው ሰቅለውልኝ ነው የሚሄዱት።