የእናቴ ዓይንና የእኔ ትምህርት

ከመንዝ ሞላሌ የወጣሁ ዕለት ገና አልነጋም፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። እናቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝ። ጉንጬን በእጇ ዳብሳ ፈልጋ ነው የሳመችኝ። የዓይን ሞራ አንዱን ዓይኗን ጨርሶ ሌላውን ጀምሮታል። እኔ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ተቀምጫለሁ። የተሰደድኩት እንግዲህ ለዚያ ዓይን ነው። ራሷ ፈትላ ያሠራችውን የበግ ሱፍ ባና ብርድ ልብስ አስታቀፈችኝና "ባዕድ አገር ብርድ ነው" አለችኝ። ሪያድ እኮ ነው የምሄደው! እኔም የተማርኩት ሰው ተሸክሜው ሄድኩ።

አዲስ አበባ የኤጀንሲው ሰውዬ ጠየቀኝ።

"ትምህርት?"

"ዲግሪ። ኢኮኖሚክስ።"

"ስምንተኛ ክፍል በይ። የተማረች ሠራተኛ ነገር ታበዛለች ይላሉ።"

ስምንተኛ ክፍል አልኩ።

ሪያድ ስደርስ ማዳም ሻንጣዬን አስከፍታ ባናውን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች። "ኸሩፍ ነው ያመጣሽው?" አለች፤ በግ ማለቷ ነው። ውጭው እሳት ነው፤ ቤቱ ግን ቀን ከሌት ኤሲ ስለሚነፋበት የመንዝን ክረምት ያስንቃል። በዚያ ባና ተጠቅልዬ ነው የማድረው።

የመጀመሪያውን ብር ለእናቴ ሕክምና ላክሁ። ለወንድሜ ለጌትነት ኮሌጅ ከፈለችበት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ስደውል "ደኅና አያለሁ" ትለኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጌትነት ከምሰሶው ጋር እየተጋጨች መሆኗን ነገረኝና ተናደድኩ።

"እማዬ፣ ለምንድን ነው የማትታከሚው?"

"ምን ጎደለኝ? ሱፍ የሚፈተል በጣት ነው። እኔ እንግዲህ ወደ ማታው ነኝ፤ ጌትነት ገና ማለዳው ነው። ዘር የሚዘራ በሚያበቅል መሬት ነው፣ ልጄ።"

ይህንን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ ሂዩማን ካፒታል ይሉታል። ለትምህርትና ለጤና የሚወጣ ወጪ ብዙ የሥራ ዘመን በቀረው ሰው ላይ ሲውል የበለጠ ይመልሳል ይላል። ፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። በገዛ እናቴ ላይ ሲሠራ ግን ጠላሁት። ያስተማረን መምህር እናቱን እዚያ ስሌት ውስጥ አስገብቶ እንደማያውቅ እምላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ጌትነት እስኪመረቅ ብዬ ውሌን ለሁለት ዓመት አድሼ ነበርና ያንን ልነግራት ነው። መጀመሪያ ግን የዓይኗን ነገር አነሳሁ።

"እሺ፣ እታከማለሁ" አለች። "አንቺ የምትመጪ ሰሞን ይሁን። እስከዚያ ምን የማየው ነገር አለ ብለሽ ነው?" ቀጥላም "መቼ ነው የምትመጪው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ውሉን ብነግራት ሁለት ዓመት በጨለማ ትቀመጣለች።

"ለፋሲካ" አልኳት።

ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ጓዳ ስትጣራ ሰማኋት፦

"አንተ ጌትነት! ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት ውሰደኝ፤ እኅትህ ልትመጣ ነው!"