የብርጓልና ክኒን የጠጡት አይጦች

የብርጓልን ባማት ደስ ባለኝ። ጎረቤቴ ነበረች፤ ብዙ ነገሯን አውቃለሁ። ግን አፌን ለሐሜት ከፍቼ ሳመሰግናት እገኛለሁ።

ደርግ በገባ በስድስት በሰባት ዓመቱ ይመስለኛል። ባሏ ሞቶባት ከገጠር ከሰባታሚት መጣችና እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጁ ውስጥ የአይጥ ቤት ጠራጊ ሆነች። አይጥ ስላችሁ የጎተራው እንዳይመስላችሁ! ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ፣ በሽቦ ቤት ተቀምጦ ከኔ የተሻለ የሚቀለብ። ባለቤታቸው መምህር ሣህሉ ነው። ለጥናት ብሎ ለአሥሩ እንስት አይጦች እርግዝና የሚከለክለውን ክኒን በሚጠጡት ውሃ ይበጠብጥላቸዋል፤ ሌሎቹ አሥሩ ንጹሕ ውሃ ይጠጣሉ። ጧት ጧት ከብልታቸው በጥጥ ይጠርግና በማጉያ መነጽር አይቶ ወንድ የሚፈልጉበትን ቀን ይጽፋል።

የብርጓል መነጽር አላሻትም። ጀርባቸውን ዳበስ ታደርጋለች፤ ቀኗ የደረሰ አይጥ ወገቧን ሰበር፣ መቀመጫዋን ቀና!

«በአራት በአራት ቀኑ እኮ ነው» አለችኝ።

«በአራት ቀን? እኛን ወር ያስጠበቀን ማን ነው ታዲያ?» ብዬ ሳቅሁ።

ክኒን የጠጡት ግን ቢዳብሷቸው ዝም። ወደ እኔ ሮጣ መጣች።

«መከኑ እኮ!»

«አንቺን ምን አገባሽ? አማች ልትሆኚ ነው?» አልኋት።

መች ሰምታኝ! መምህሩ ቢበጠብጥም በየቤታቸው የምትሞላው እሷ ናት። ከሐይቁ ደሴት ገዳም በታንኳ ጠበል አስመጣች፤ የክኒኑን ውሃ ደፍታ ጠበሉን ሞላችላቸው። ስምንት ቀን ሙሉ!

አይጦቹ ወደ ወጉ ተመለሱ። መምህሩ ደነገጠ፤ «ክኒኑ ተበላሽቷል» ብሎ አመለከተ። የኮሌጁ የደርግ ካድሬ ነገር አገኘ! የመድኃኒት ክፍሉን የሚጠብቀውን አምባቸውን «አሻጥረኛ» ብሎ ስብሰባ መሃል አቆመው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ይታወቃል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እኔ ብሆን፣ እውነቴን ነው፣ ዝም ነበርሁ። እሷ ብድግ አለች።

«እሱን ተዉት። የደፋሁት እኔ ነኝ።»

«መቼ?» አለ ካድሬው።

«በመድኃኔዓለም።»

«ቀን ተናገሪ!»

«እሱን እኮ ነው የነገርሁህ! በመድኃኔዓለም ደፋሁ። ጆሮዋ የተቆረጠችው በልደታ ወገቧን ሰበረች፣ ሁለቱ ወፍራሞች በበዓታ፣ የቀሩት በአቦ።»

ካድሬው ጥርሱን ነከሰ። መምህር ሣህሉ ግን ደብተሩን ገለጠ። ሃያ ሰባት፣ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት እያለ መነጽሩ ካሳየው ጋር ቢያስተያየው አንዲት ቀን አልተዛነፈችም።

«ጓድ፣ አሻጥር የለም» አለ። «ክኒኑ ደኅና ነው። ሲቋረጥ ደግሞ ሰውነታቸው ወደ ልማዱ ይመለሳል። ይህን ለማወቅ ገና ሦስት ወር ልለፋ ነበር። እትዬ የብርጓል፣ ሁለተኛ ግን ሳይነግሩኝ እንዳይደፉ!»

«የፈታቸው ጠበሉ ነው።»

«ክኒኑ ስለቀረባቸው ነው።»

«ይሁንልዎ፤ የተማሩት እርስዎ ነዎት» አለችው፤ ፊቷ ግን ይሁን አላለም።

አምባቸው ደጅ ላይ ጠበቃት።

«አንቺ ሴት! አይጥ ልታስወልጂ ብለሽ ስድስት ልጅ አባት ልታሳጪ ነበር?»

«ስድስት? እንግዲያውስ ያን ክኒን ለሚስትህ ጠይቅላት!»

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።