የናፍታ ጉርሻ

ውጭ አገር፣ ሬድስቶን በሚባል ሰፈር ባለው ጋራዣችን የአሮጌ ትራክተር ሞተር እያደስኩ ነው። ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች ናፍታ ውስጥ ዘፍዝፌ ጥላሸታቸውን ስፈገፍግ፣ ሽታው ጉሮሮዬ ላይ ተጣበቀና አቅለሸለሸኝ።

አባቴ የትራክተር መካኒክ ነበር። ኖዝሉን በአፉ እየነፋ ያጸዳል፣ ጥቁር ምራቁን እንትፍ ይላል፣ እጁንም እዚያው ናፍታ ውስጥ ይታጠባል። ልጅ ሆኜ ምሳውን ሳደርስለት የመጀመሪያው ጉርሻ የእኔ ነበር። ሽሮው ጣቶቹ መሃል ጥቁር ቅባት ይዞ ያብለጨልጫል። የአባት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። ፊቴ ሲጨማደድ አየ።

«ልመጂው፤ የሚያሳድግሽ ይሄ ሽታ ነው» አለኝ እየሳቀ።

እኔ የመሰለኝ እስካድግ ድረስ ምግብ ሁሉ እንዲህ ሊሸት ነው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ይሄን እያሰብኩ ልጄ እንጀራ በሳህን ይዛ ብቅ አለች። «ማሚ፣ ዲነር ሬዲ ነው።»

እጄን በሳሙና ፈትጌ ታጠብኩ፤ እንደ ወጉ ጠቅልዬ ላጎርሳት እጄን ስዘረጋ አፏን ገጥማ ፊቷን አዞረች።

«ኢው፣ ማሚ! እጅሽ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። አልበላም!»

ጉርሻ ይመለሳል ወይ ብዬ ልቆጣት ስል ተውኩትና ራሴ ጎረስኩት። ያው የአባቴ ጉርሻ ጣዕም ነው፤ ቅንጣት አልተለወጠም።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አልኳትና ያን ጊዜ የዋጥኩትን ዛሬ ጋርቤጅ ቅርጫቱ ውስጥ ተፋሁት።