ከገላኔ የተቀነሱት ስምንት ዓመታት

ገላኔ በዳሳ የተወለደችው ዛሬ የሰሚት ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ነው። አባቷ ጤፍ ይዘሩበት ነበር። እርሷ ግን እርሻውን ሳትለምደው ከተማው ደረሰባትና፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ የአበባ ላኪ ድርጅት ቀዝቃዛ መጋዘን ተቀጠረች። አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። ባለቤቴ ኣምለሰት፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚያው አጠገቧ ቆማ ካርቶን ታሽግ ነበር። ገላኔን ያወቅኋት በእርሷ በኩል ነው።

«ገላኔ ካርቶኑን በመዳፏ ነክታ አበባው መንገድ ላይ ሙቀት እንዳገኘው ትናገራለች፤ ቴርሞሜትሩ ኋላ ነው የሚደርስባት» ትለኝ ነበር ኣምለሰት።

ድርጅቱ ባለፈው ሐምሌ ሲዘጋ ገላኔ አርባ አራት ዓመቷ ነበር። ኅዳር ላይ ሌላ የካርጎ ድርጅት ለቀዝቃዛ መጋዘኑ ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ሰማች። ማመልከቻው የሚገባው በስልክ ብቻ ነው። ወሎ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጓደኛዋ ፈሂማ የሥራ ልምዷን በአማርኛ ተየበችና ላከችላት። መልሱ የያዙትን ሻይ ሳይጨርሱ መጣ።

«እንዴ! ማን ነው ይኼን ያህል ፈጥኖ ያነበበው?» አለች ገላኔ።

«ሰው መቼ ያነበዋል! ኤአይ የሚሉት ማሽን ነው የሚያጣራው።» ፈሂማ ስልኩን አስጠግታ አነበበችላት። ከስምንት ዓመት በላይ ከሥራ ስለራቁ አልተመረጡም ይላል። «ወላሂ፣ ስምንት ዓመት ተኝተሽ ነው ለካ ሥራ በዛብኝ ስትዪኝ የኖርሽው!»

ገላኔ አልሳቀችም። «ስምንት? እስኪ የጻፍሽውን አሳዪኝ።»

ጽሑፉ «ከ2006 እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.» ይላል። ገላኔ በመጋዘኑ ካርቶን ላይ ሁለት ቀን ስትጽፍ ነው የኖረችው፤ ለእኛ ሾፌሮች የእኛን፣ ለውጭ ደንበኞች የፈረንጁን። አዲስ የገባ ሠራተኛ ሁለቱን ሲያደባልቅ፣ ትናንት የተቆረጠ ጽጌረዳ ወረቀት ላይ ስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል። ይህን ስንት ጊዜ አርማለች።

«የእኛን ዓመት በፈረንጅ ቆጥሮት ነው» አለች። «የአዲስ ገቢ ስህተት ነው፤ አውቀዋለሁ።»

ፈሂማ አስተካክላ እንደገና ላከችው። ማሽኑ አንድ ሰው የሚያመለክተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ መለሰባት። ምዝገባው በማግሥቱ ዓርብ ይዘጋል።

«በቃ ተዪው፤ አላህ ሌላ ያመጣል።»

«ሌላውንስ ያመጣል። ይኼኛው ግን የእኔ ነው።»

ዓርብ ጠዋት የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ይዛ ድርጅቱ ሄደች። የቅጥር ኃላፊው ኣምደሚካኤል የሚባል ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት።

«ሲስተሙ አንዴ ካጣራ በኋላ እኛ አንገባበትም፣ እናቴ።»

«እሺ፣ አይግቡበት። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ኅዳር አሥራ ዘጠኝ።»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።»

«ይኼንን ለማሽኑ የነገረው ሰው አለ?» ብላ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። «እኔ ሥራ ከፈታሁ አራት ወሬ ነው።»

ደብዳቤውን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ እንደገና ደብዳቤውን አየ። «ውይ!» አለ።

«በአማርኛ የጻፈ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ወድቋል ማለት ነው። እኔን ብቻ እንዳያነሡ።»

ከሰዓት በኋላ ሲፈትሽ፣ በዚያ ስህተት የወደቁ ሠላሳ አንድ ሰዎች አገኘ። ሁሉንም ወደ ውድድሩ መለሳቸው። ፈሂማ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች።

«ሞኝ! በገዛ እጅሽ ሠላሳ ተፎካካሪ ታመጫለሽ?»

«ይምጡ። ከሰው ጋር ተወዳድሬ መቼ ፈርቼ አውቃለሁ?»

ከሁሉም አምስት ሰዎች ለተግባር ፈተና ቀረቡ። ቀዝቃዛው መጋዘን ውስጥ ሃያ ካርቶን ተደርድሮ፣ የተበላሸውን ለዩ ተባሉ። ሌሎቹ የካርቶኖቹን ወረቀት ማንበብ ያዙ። ገላኔ ጓንቷን አውልቃ እየዳሰሰች አለፈችና ሰባተኛው ላይ ቆመች።

«ይኼ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር።»

ሲከፈት ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ሰኞ ሥራ ልትጀምር እሑድ እኔ ዘንድ መጣች። ድርጅቱ ጃኬት ይሰጣል፤ ከሥር የሚለበሰውን ግን ሠራተኛው ነው የሚያመጣው። የኣምለሰት ሹራብ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያኔ ብሰጣት አልወሰደችውም ነበር።

«አሁን ልውሰደው» አለችኝ።

አውርጄ ሰጠኋት። እጅጌው ያጥራታል።

«ጓንቱ ይሸፍነዋል» አለችና ለብሳው ወጣች።